ደጎሎ ያረፈው ይሄነው

ይሄነው ከሞተ በኋላ ተነሥቶ ወደ ከተማችን ወደ መካነ ሰላም የገባው በገና ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነው። ለመነሣት እንኳ ፋሲካ ይሻል ነበር፤ ግን ይሄነው መቼ ሰው የሚያደርገውን አድርጎ ያውቃል? ሰው ለበዓል ሲገዛ እሱ ይሸጣል፣ ሰው ሲቀመጥ እሱ መንገድ ይገባል። ስለዚህ ብዙ ልንደነግጥ አይገባም ነበር። እኛ ግን ደነገጥን፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ፤ ምክንያቱም አጠገቤ ነበር የተቀመጠው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ያለችው ከይሄነው የእህል ሱቅ ጎን ነው፤ በመካከላችን ያለው አንድ ቀጭን የጭቃ ግድግዳ ነው። ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። እኔ ሳስነጥስ እሱ ዝም ይላል፤ ቃል የሚያልቅበት ይመስለዋል። ሌላው ነጋዴ ጣሳውን ቆልሎ ሲሰፍር ይሄነው በመዳፉ ጠርጎ ልክ ያደርገዋል፣ መዳፉ ላይ የተጣበቀችውንም ፍሬ ወደ ጆንያው ያራግፋታል። ስልክ አለው፤ ባትሪው እንዳያልቅ አጥፍቶ ይይዘዋል። የሚከፍተው ሚስኮል ሊያደርግ ሲፈልግ ብቻ ነው።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። የሰው ሐቅ አይነካም፤ የራሱንም አያስነካም። ሚስቱ ሐረግ በሕይወት ሳለች ቤታቸው እንግዳ አያጣም ነበር፤ ልጅ ስላልነበራቸው የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ ይውል ነበር። እሷ የሞተች ጊዜ ለቀስተኛው እንደተነሣ ይሄነው የግቢውን በር በሁለት ጓጉንቸር ቆለፈው። ከዚያ ወዲህ ከእሱ በቀር በዚያ በር የገባ ሰው የለም። ይህን ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል። ከዚያ ጣሳውን ሲጠርግ አየውና ይለቀኛል።

የሰፈራችን ሰው በየበዓሉ ቅርጫ ይገባል። በሬውን በጋራ እንገዛለን፤ ሲታረድ ሥጋው በእኩል መደብ በመደብ ይደረደራል፣ ማን የትኛውን እንደሚያነሣ ዕጣ ይጣላል። ይሄነው ብቻውን የሚኖር ሰው ሆኖ ሳለ ሙሉ መደብ ይወስዳል። ጥቂቱን ጠብሶ ይበላና የቀረውን ቋንጣ አድርጎ እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ይደርስበታል።

ዘንድሮ ገና ሲቃረብ ጎረቤታችን በዛች ወደ ሱቁ መጣች። ባሏ በላይ ከእኛ ጋር ቅርጫ ይገባ ነበር፤ ክረምት ላይ ሞተ። እሷ የነጋዴውን እህል እየለቀመች፣ እያበጠረች ልጆቿን ታሳድራለች። በግድግዳው በኩል አልሰማሁም ብል ውሸት ነው።

«አያ ይሄነው፣ ዘንድሮ ቅርጫ መግባት አልቻልሁም» አለች። «ልጆቹ ያለ አባታቸው የሚውሉት የመጀመሪያ ገና ነው። ከመደብዎ ግማሹን ይስጡኝና የሚመጣውን ስንዴ እስከ ጥምቀት እለቅምልዎታለሁ።»

 እኔም የመኪናዬን ፔዳል መርገጥ አቆምሁ።

«መደብ አይገመስም፣ በዛች» አለ። «ዕጣ የሚወጣው ለአንድ ሰው ነው። ዛሬ ለሁለት ከተገመሰ ነገ ለአራት ይገመሳል። ሥርዓት ነው።»

«እንዳሉ» አለችና ሄደች። እኔ ከንዴቴ የተነሣ የመምህር አሳምነውን ኮት እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት።

ይሄነው በማግሥቱ ወደ ደጎሎ ከተማ ሄደ። በበዓል ሰሞን ገበሬው ገንዘብ ስለሚፈልግ ስንዴ ይረክሳል ብሎ ነው። የሄደው በሁዜይፋ ኢሱዙ ነበር። ሁዜይፋ የጨርቅ ነጋዴው የጀብሪል ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ባየ ቁጥር የመኪናውን ሙዚቃ የሚቀንስ አክባሪ ልጅ። መዘዙም ሁሉ የመጣው ከዚህ አክባሪነቱ ነው።

በገና ዋዜማ ጭነቱ ዘገየ። ሁዜይፋ እዚህ ላለው ለባህሩ ደወለ። ባህሩ ጭነት ያወርዳል፤ በዚያ ላይ የቅሬያችን፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማለት ነው፣ ጡሩምባ ነፊ ነው። ሁዜይፋ የደወለው ለጭነት አውራጁ ነበር፤ ስልኩን ያነሣው ግን ጡሩምባ ነፊው ሆነ።

«ሃሎ፣ ባህሩ! አያ ይሄነው ደጎሎ አርፈዋል!»

«ምን አልህ?»

«አርፈዋል! ነገ ስንዴው ላይ ጭኜ አመጣቸዋለሁ። ሰው አዘጋጅተህ ጠብቀኝ!»

መስመሩ ተቋረጠ። እንግዲህ በእኛ ቋንቋ እንግዳም ያርፋል፣ ሟችም ያርፋል። ልጁ ትንሽ ባለጌ ቢሆን ኖሮ «ሽማግሌው እዚህ ሊያድር ነው» ብሎ በገላገለን ነበር። ባህሩ እኔ ዘንድ ሮጦ መጥቶ መልሶ ደወለ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም አለችው። ወደ ይሄነው ስልክ ደወለ፤ ይቺው ሴትዮ ይህንኑ መለሰችለት።

«አየህ» አለኝ ባህሩ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «እሷም አጥታዋለች።»

ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ አምላኩ ቤት ሄድን። አምላኩ ነገሩን ሁለት ጊዜ ካስደገመ በኋላ ራሱን ያዘ። እኔ ትንሽ ጥርጣሬ ገብቶኝ፣ «ምናልባት አልጋ ይዞ አርፎ ይሆናላ?» አልሁ።

አምላኩ ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄነው?» አለ። «ከፍሎ? አልጋ?»

 ከሁለቱ የትኛው ይታመናል ቢባል ሞቱ ይታመናል። ባህሩ ወጥቶ ጡሩምባውን ነፋ፤ ከተማው በዋዜማው መርዶ ሰማ። አምላኩ ደግሞ የክርስቲያን ሬሳ በስንዴ ጆንያ ላይ ተጭኖ አይመጣም ብሎ ለማለዳው ሚኒባስ ተኮናተረ፣ ሳጥንም አዘዘ።

በገና ማለዳ ከቅዳሴ መልስ በሬው ታረደ። መርዶ ቢሆንም በሬው ተገዝቷል፣ ልጆችም ሲጾሙ ሰንብተዋል። ዕጣ ሲጣል ከመደቦቹ ሁሉ ስቡ የበዛበት ለይሄነው ደረሰ። የይሄነው ዕጣ እዚያ ላይ አረፈ ልላችሁ ነበር፤ ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ በሥርዓቱ መናገር አቅቶኛል። ሰው ሁሉ ያንን መደብ ያየዋል እንጂ የሚነካው የለም።

«ወራሽ የለውም» አለ አምላኩ በመጨረሻ። «ለነፍሱ ይሆነዋል፤ ለበዛች ይሰጥ።» ይህን ብሎ ከጎረምሶቹ ጋር ሚኒባሱ ላይ ወጣ።

ሥጋውን በሳፋ ተሸክሜ ለበዛች ያደረስሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ሳፋውን ከበቡት። እሷ «ማነው የላከው?» አለች፤ «የአያ ይሄነው መደብ ነው» አልኋት። ደፍ ላይ ቁጭ አለችና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

«ግማሽ ብለምነው ሙሉውን ሰጠኝ» አለች። «እኔ ደግሞ በልቤ ረግሜው ነበር። ነፍሱን ይማረው።»

እሱ አልሰጠሽም፣ የሰጠንሽ እኛ ነን ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የሙት ስም ማንሣት ነውር ነው ብዬ ዋጥ አደረግሁት።

ድንኳኑን ለመትከል ይሄነው በር ስንሄድ ሁለቱ ጓጉንቸሮች እንደተንጠለጠሉ ናቸው። ሞቶም ቢሆን የይሄነውን ቁልፍ ለመስበር የደፈረ አልተገኘም። ድንኳኑ ከደጅ፣ መንገዱ ላይ ተተከለ፤ ተቀመጥን። ከሚያለቅሰው ይልቅ የሚያዛጋው በዛ። ሙሾ የምታወርደው ይታይሽ ናት፤ በወረዳችን በቦረና እሷ ያላለቀሰችለት ሰው ሞተ አይባልም። ሙሾ ግን ከምንም ተነሥቶ አይወርድም፤ ለጀግናው ጀግንነቱ፣ ለደጉ ደግነቱ ይነሣል።

«እስቲ አንድ ነገር ስጡኝ» አለች ወደ ወንዶቹ ዞራ፣ በሹክሹክታ። «ምን ነበረው?»

«ሌባ አልነበረም» አለ ባህሩ።

«አይሰክርም ነበር» አልሁ እኔ።

ጀብሪል ቆብ ያደረገ ራሱን ወዝወዝ አደረገ። «ሱቁን በሰዓቱ ይከፍት ነበር፣ ወላሂ።»

«በዚህ ይለቀሳል?» አለች ይታይሽ። ሙያዋ ነውና ግን ተነሣች፤ ደረቷን መታ መታ አደረገች።

«ደጎሎ ላይ አሉ ይሄነው ያረፈ፣
ያልጋውን ሳይከፍል እንደቆጠበ አለፈ።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከሩቅ ላየው ሰው መራር ለቅሶ ነበር።

ይሄነው የደረሰው በዚህ ሰዓት ነው። ቀድሞ የሆነውን እሱ ራሱ ኋላ ነገረኝ። የመጣው ከጭነቱ ላይ ነበር፤ ስንዴው የራሱ ስለሆነ እላዩ ላይ መቀመጥ በነፃ ነው፣ ጋቢና ግን ይከፈልበታል። መንገድ ላይ ጉም ውስጥ ከአንድ ሚኒባስ ጋር ተላልፈዋል። «እነዚህ ደግሞ በበዓል ቀን መኪና ተኮናትረው ሽርሽር ይላሉ፤ ገንዘብ አላማቸውም ማለት ነው» ብሎ ታዝቧል። የታዘበው የራሱን ሬሳ ሊያመጡ የሚሄዱትን ሰዎች ነው።

ድንኳኑ መንገድ ስለዘጋ ኢሱዙው ከኩርባው ላይ ቆመ። ይሄነው ወረደ። ከእግር እስከ ራሱ አቧራ ለብሶ ነጭ ሆኗል፤ ጋቢውን ከብርዱ የተነሣ እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። ሳያስፈቅዱት ደጁ ላይ ድንኳን መተከሉ አናደደው። ዳር ላይ የተቀመጡትን እማማ ወርቂቱን ጠጋ አለ፤ እማማ ዓይናቸው ደክሟል።

«ማነው የሞተው፣ እማማ?»

«ይሄነው።»

ይሄነው እማማ ወደ ጠቆሙበት አየ። ከራሱ በር በቀር ምንም የለም። «የቱ ነው?»

«ይሄነው ነው እንጂ!»

«እኮ የቱ?»

«አይ የዛሬ ሰው! ይሄነው አልሁህ እኮ፣ ባለስንዴው! ደጎሎ ላይ ያረፈው!»

ያን ጊዜ የይታይሽ ሙሾ ጆሮው ገባ። ለካ ሟቹ እሱ ራሱ ነው። ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው ሰላምታ አይሰጥም፣ አጎንብሶ ገብቶ ባገኘው ቦታ ይቀመጣል፤ የሚያየውም የለም። እሱም አጎንብሶ ገባና እኔ አጠገብ ተቀመጠ። ማን መጣ ብዬ እንኳ አልዞርሁም።

ይታይሽ ደግማ የምትለው አጥታ ስትቀመጥ በዛች ተነሣች። ዘፋኝ አይደለችም፤ ድምፅዋ ይሰነጠቃል። በሰው ለቅሶ የራስን ሰው ማልቀስ ያለ ነው፣ ባሏን በላይንም አስባ ይሆናል። ስሙን ያነሣችው ግን የይሄነውን ነው።

«የገናዬን ድስት ጥዶልኝ የሄደው፣
ለልጆቼ ቆርሶ የሰጠው ይሄ ነው።»

 ይታይሽ እንኳ ደረቷን መምታት ረሳች። አጠገቤ ያለው ሰው ትከሻው ሲርገበገብ ተሰማኝ፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ያለቅስ ጀመር። ተመስገን፣ ለካ ዘመድ ነበረው ብዬ ደስ አለኝ። ክንዱን ያዝሁት።

«እግዜር ያጥናህ ወንድሜ። የሟች ምኑ ነህ?»

ከጋቢው ውስጥ «ይሄነው ነኝ» አለኝ።

ዞርሁ። ነጭ ፊት፣ ነጭ ቅንድብ፣ በአቧራው ላይ እንባ የሠራው ሁለት መንገድ። በስመ አብ ብዬ መጮኼን አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ያለውን የሰማሁት ከሰው ነው። የድንኳኑን ምሰሶ ገፍትሬ የጣልሁት እኔ ነኝ ይላሉ። ጀብሪል «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» እያለ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ ወጣ። ባህሩ ከጡሩምባው ጀርባ ተደበቀ፤ አስቡት፣ ከጡሩምባ ጀርባ። ይታይሽ መሬት ላይ ተንበርክካ «ያንን የቅድሙን አይያዙብኝ፣ አያ ይሄነው! ሙያዬ ነው!» ትላለች።

ያልሮጠች በዛች ብቻ ናት። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«አያ ይሄነው» አለች፣ ድምፅዋ እየራደ። «የመጡት ለሥጋው ከሆነ ልጆቹ ቀምሰውታል። የቀረው ድስት ላይ ነው፤ አውርጄ ልስጥዎት። ልጆቹን ግን አያስደንግጡብኝ፣ በሐረግ ነፍስ።»

በዚህ መሐል ሁዜይፋ እየሮጠ ደረሰ። «ምን ሆናችሁ? አብሽሩ፣ አልሞቱም! ጆንያ ላይ ነው ያደሩት!» አለ። ነገሩን አንድ በአንድ ሲጠይቁት፣ «እኔ አረፉ አልሁ እንጂ ሞቱ አልሁ?» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። ሰው አንድ በአንድ ተመለሰ። የይሄነውን ክንድ ቆንጥጦ ያረጋገጠም አለ።

ባህሩ በኀፍረት የሚገባበት አጥቶ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ሥጋው ለነፍሱ ተብሎ ነው የተሰጠው። ካልሞተ የራሱ ነው። ትመልስለት፤ ሥርዓት ነው።»

ሰው ሁሉ ይሄነውን አየ። በዛች እጇን አጣምራ ቆመች፤ ልጆቿ ከበስተኋላዋ ቀሚሷን ይዘዋል፣ የትንሿ አፍ ዙሪያ በወጥ ቀልቷል። ይሄነው ልጅቱን አየ። ምን ሊል እንደሆነ ማናችንም አላወቅንም፤ ግድግዳ የምጋራው እኔም አላወቅሁም። ፈራሁለት እላችኋለሁ። ቅድም ለእሱ የተለቀሰው በሕይወቱ ያላደረገው ነገር ነበር፤ አሁን አንዲት ቃል ብቻ ከተናገረ ያ ለቅሶ ውሸት ሆኖ ይቀራል።

«የለም» አለ ይሄነው። «ሥጋው የሷ ነው። ሰው... ሰው በቁሙ ተዝካሩን አያወጣም? የቁም ተዝካሬ ነው በሉት።»

ይህን ሲል በአንድ መደብ ሥጋ የሚገላገል መስሎት ነበር። የቁም ተዝካር ግን ወራሽ የሌለው ሰው ሳይሞት ለነፍሱ የሚደግሰው ድግስ ነው፤ ካህኑም ድሀውም ጎረቤቱም የሚበላበት። ይታይሽ የቅድሟን ሙሾ የምታስረሳበት መንገድ ስትፈልግ ቆይታለች።

«እልልልል!» አለች። «አያ ይሄነው የቁም ተዝካሩን ሊያወጣ ነው! ሰፈሩ ሁሉ ተጠርቷል!»

«ኧረ እኔ ያልሁት...» አለ ይሄነው። እልልታው ዋጠው። ለፍትሐቱ የመጡት ካህናት እንኳ መረቁት። አንድ ሙሉ ኢሱዙ ስንዴ ደግሞ ከኩርባው ላይ ቆሞ ነበር፤ ለድግስ የሚሆን እህል የለኝም እንዳይል። ይሄነው መኪናውን አየ፣ ሰዉን አየ፣ በዛችን አየ። ከዚያ እንደ ሳል ያለ ድምፅ አወጣ። ሲስቅ ሰምቼው ስለማላውቅ ሳቅ መሆኑን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። ቁልፎቹን ከኪሱ አውጥቶ በሩን ከፈተ፤ ድንኳኑን ነቅለን ወደ ውስጥ አስገባን።

አምላኩ ማምሻውን ባዶ ሳጥን ይዞ ተመለሰ፤ ንዴቱን ለመናገር ሌላ ወረቀት ይፈጃል። «ሳጥኑን ምን ላድርገው?» ብሎ ሲጮህ ይሄነው «ደህና ጣውላ ነው፣ አይጣልም» ብሎ ወደ ሱቁ አስገባው። ይኸው ምስር ይይዝበታል። ከዚያ ውስጥ ምስር የገዛ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ተለወጠ ብላችሁ እንዳታወሩብኝ። ጣሳውን አሁንም ይጠርጋል። ለበዛች ሲሰፍር ብቻ ዓይኑን ወደ መንገዱ ያዞራል፤ እጁ ጠርጎ ይሁን ሳይጠርግ አያይም። ስልኩን ቀን ቀን ክፍት ያደርገዋል። እኔ ሳስነጥስም በግድግዳው በኩል የሆነ ነገር ያጉረመርማል፣ ይማርህ መሆኑን አልጠየቅሁትም።

ተዝካሩ የወጣው ከጥምቀት በኋላ ነው። ስንዴው ዳቦና ጠላ ሆነ፣ በሬም ታረደ፤ ግቢው ሞልቶ ውጭ የተቀመጠም ነበር። ሰው ከበላ በኋላ ይሄነው በዛች ሳህን ስትሰበስብ አገኛትና ጠጋ አላት። እኔ ከጀርባው ነበርሁ።

«በዛች፣ ያንን የገና ዕለት ያልሽውን አንዴ ድገሚልኝ።»

«እንዴ! ሙሾ ለቁም ሰው አይወርድም፣ አያ ይሄነው። ሟርት ነው» አለች እየሳቀች። «ሲሞቱ እላለሁ።»

«ያኔ እኔ የት እሰማዋለሁ?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

በዛች ሳቋን አቆመች። ሳህኖቹን አስቀመጠች።

«እኛ እንሰማዋለን» አለችው።